ብድሩ ከተፈረመ በኋላ የሚሰጥ ድምፅ፦ የግሪክ ምርጫዎችና የእኛ ጥያቄ

ሚያዝያ 28 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከበሩት ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው እሑድ፣ ግሪኮች የፓርላማ አባሎቻቸውን ለመምረጥ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዱ። አገራቸው በኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ አምስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ሥራ ከሚፈልገው ሰው ከአምስቱ ከአንዱ በላይ ሥራ አልነበረውም፤ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ከሆኑት ሥራ ፈላጊዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ቤት ይውሉ ነበር። ሌሊት ቆጠራው ሲያልቅ፣ ወታደራዊው አገዛዝ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ አገሪቱን እየተፈራረቁ ያስተዳደሩት ሁለት ፓርቲዎች፣ ሶሻሊስቱ ፓሶክና ወግ አጥባቂው ኒው ዴሞክራሲ፣ በአንድነት ያገኙት ድምፅ 32 በመቶ ብቻ ሆነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ሁለቱ ተደምረው 77 በመቶ ወስደው ነበር።

ስለዚህ ምርጫ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በምኖርበትና በማስተምርበት በደብረ ማርቆስ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አስተያየት ስለሚያሳስበኝ ነው። «የተቸገረ ሕዝብ አስቦ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ወይ ዱቄት ያደለውን ወይ አብዝቶ የጮኸለትን ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ለአገር የሚያስቡ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ግሪኮች ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ያደረጓቸውን ምርጫዎች እያገላበጥሁ ሳነብ የተረዳሁት ሌላ ነው። ሕዝቡ በችግሩ መካከል ሆኖ አስቦ መርጧል። ከእሱ የተሰወረው፣ ከመምረጡ በፊት ሊያውቀው ይገባ የነበረው ነገር ነው፦ በስሙ ምን ብድር እንደተፈረመ፣ ብድሩ ምን እንደሚያስገድድ፣ እሱ የሚመርጠው ፓርላማ ከዚያ ውስጥ የትኛውን ሊለውጥ እንደሚችልና የትኛውን መንካት እንደማይችል። ከዚህ በታች የግሪክን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በኦክቶበር 2009 በተደረገው ምርጫ የፓሶኩ መሪ ጆርጅ ፓፓንድሬዩ በዘመቻቸው ወቅት «ገንዘብ አለ» ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ሕዝቡም አምኗቸው ከ300 የፓርላማ ወንበሮች 160ውን ሰጣቸው። በሳምንታት ውስጥ ግን የዓመቱ የበጀት ጉድለት ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቱ ከ12 በመቶ በላይ መሆኑ ተገለጠ፤ ኋላም ተመርምሮ ሲታረም ከ15 በመቶ አለፈ። ከእሳቸው በፊት የነበረው የኒው ዴሞክራሲ መንግሥት ለአውሮፓ ኅብረት ሲያቀርበው የነበረው አኀዝ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ መራጩ ሁለት ጊዜ ተበድሏል ማለት ነው፤ ወራጁ መንግሥት የሂሳቡን እውነት ሸሸገው፣ መጪው ደግሞ የሌለ ገንዘብ አለ አለው። በ2009 ድምፁን የሰጠ አንድ ግሪካዊ ጡረተኛ በምን ላይ ተመሥርቶ የተሻለ ሊመርጥ ይችል እንደነበር እስካሁን ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው አላጋጠመኝም።

በኤፕሪል 2010 ፓፓንድሬዩ ከቱርክ ጠረፍ አጠገብ ካለችው ከትንሿ የካስቴሎሪዞ ደሴት ሆነው አገሪቱ እርዳታ እንደምትጠይቅ በቴሌቪዥን አስታወቁ። በሜይ ወር የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተስማሙ፤ 80 ቢሊዮኑ ከዩሮ አገሮች፣ 30 ቢሊዮኑ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከአይ ኤም ኤፍ የሚመጣ ነበር። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠሩት የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና አይ ኤም ኤፍ ነበሩ። ከብድሩ ጋር የተያያዘው ሰነድ የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝና የጡረታውን አበል የሚቆርጥ፣ በዕቃና በአገልግሎት ላይ የሚከፈለውን ግብር ከፍ የሚያደርግ ነበር። ፓርላማው በ172 ድምፅ አጸደቀው። በዋዜማው በአቴንስ በተደረገው ተቃውሞ አንድ ባንክ በእሳት ተያይዞ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በደንብ ሊብራራ የሚገባው ነገር አለ። የራሱ ገንዘብ ያለው አገር ዕዳና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲያስጨንቀው የገንዘቡን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ የማንም ደመወዝ በወረቀት ላይ አይነካም፤ የሚገዛው ነገር ግን ያንሳል፣ ጉዳቱም ሳይታወቅ በገበያ በኩል ወደየቤቱ ይገባል። ዩሮን ከሌሎች ጋር የተጋራችው ግሪክ ይህን ማድረግ አትችልም ነበር፤ ስለዚህ ደመወዙን፣ ጡረታውን፣ ዝቅተኛውን የሥራ ክፍያ በሕግ፣ በአደባባይ፣ በአኀዝ መቁረጥ ነበረባት። የግሪክ ምርጫዎች ያን ያህል የጋሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቆራጩ ይታወቅ ነበር፤ የቆረጠበት ቀንና እጁን ያወጣው የፓርላማ አባልም በስም ይታወቁ ነበር። በገንዘብ ምንዛሪ በኩል የሚመጣ ቅነሳ ግን ባለቤት የለውም፤ ነጋዴው ይሰደባል፣ ደላላው ይሰደባል፣ ውሳኔውን የወሰነው አካል በምርጫ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል።

በ2011 የመጸው ወራት የግሪክ መንግሥት በቤት ላይ አስቸኳይ ግብር ጣለ፤ የሚሰበሰበውም በኤሌክትሪክ ሂሳብ በኩል እንዲሆን ወሰነ። ግብሩን ያልከፈለ ሰው መብራቱ ሊቆረጥበት ነው ማለት ነው። ሥራ ያጣ ሰው፣ ከአባቱ የወረሰው ቤት ስላለው ብቻ፣ በሌለው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል ተጠየቀ፤ እምቢ ካለ ጨለማ ውስጥ ሊያድር ሆነ። በየከተማው «አንከፍልም» የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ፤ ፈቃደኛ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የተቆረጠውን መስመር መልሰው ሲቀጥሉም ታዩ። ይህን ሳነብ በጎጃም ምድር የተወለደ ሰው 1960 ዓ.ም.ን ሳያስታውስ ሊያልፍ አይችልም። በዚያ ዓመት ፓርላማው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። በዚያ ዘመን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ ስለነበር፣ አዋጁ በወረቀት ደረጃ የሕዝብ እንደራሴዎች ያጸደቁት ነበር። የሞጣና የዳሞት ገበሬ ግን ማንም እንዳልጠየቀው፣ ምርቱን ለመገመት የሚመጣው ኮሚቴም ርስቱን ለክቶ ሊወስድበት እንደሆነ አምኖ ተነሣ። ጦር ተላከበት፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ መንደሮች በአየር ተደበደቡ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

የማቻከል ገበሬ የሆኑት አጎቴ ያን ዘመን በልጅነታቸው ያስታውሱታል። ስለ ግሪኩ የመብራት ግብር ባወራኋቸው ጊዜ ብዙ አልተደነቁም። «ልጄ፣ ያን ጊዜም እኮ ሰው ግብር አልከፍልም አላለም፤ አባቶቻችን ሲገብሩ ነው የኖሩት። ማን ነው የቆረጠው፣ ለምን ነው፣ ነገስ ምን ሊከተል ነው ብሎ ጠየቀ እንጂ። የሚመልስለት ጠፋ» አሉኝ። እንደራሴ የተባለው ሰው አዋጁን ከማጽደቁ በፊት ወደ ወከለው አገር ወርዶ አንድ ጉባኤ ቢያደርግ ኖሮ፣ ደሙ ባልፈሰሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግሪኮች ደግሞ በመቃወም ብቻ አልተወሰኑም። በ2012 መጀመሪያ በኦሊምፖስ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በካቴሪኒ ከተማ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች፣ ከሰሜናዊው የኔቭሮኮፒ አካባቢ የመጡ ድንች አምራቾችን ከሸማቹ ጋር በቀጥታ አገናኙ። ሰው አስቀድሞ ያዝዛል፤ ገበሬው በተቀጠረው ቀን በጭነት መኪና አደባባይ ላይ ያራግፋል፤ ድንቹም በሱቅ ከሚሸጥበት ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ገበሬውም ከደላላው ከሚያገኘው የተሻለ አገኘ። አሠራሩ በወራት ውስጥ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። የሰከላና የአዊ ድንች አምራች ምርቱን በማሳው ላይ በስንት እንደሚሸጥና ያው ድንች ባሕር ዳር ሲደርስ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ይህን እንዴት እንዳደረጉት በዝርዝር ቢያጠና ይጠቀማል። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ትርጉም የሰጠኝ፣ ይህን ያደረገው ያው «አስቦ አይመርጥም» የሚባለው የተቸገረ ሕዝብ መሆኑ ነው፤ ያውም በዚያው የምርጫ ዓመት።

ወደ ፖለቲካው ልመለስ። በኦክቶበር 2011 መጨረሻ ፓፓንድሬዩ ሁለተኛውን የብድር ስምምነት ለሕዝበ ውሳኔ አቀርባለሁ አሉ። የአውሮፓ መሪዎች ተቆጡ፤ የገዛ ፓርቲያቸውም ተከፈለ፤ በቀናት ውስጥ ሐሳባቸውን አንሥተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት ሉካስ ፓፓዴሞስ በአንድም የምርጫ ወረዳ ተወዳድረው የማያውቁ፣ ቀደም ሲል የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ የኢኮኖሚ ባለሙያ ናቸው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2012 ሌሊት፣ አቴንስ ከተማ ውስጥ ሕንፃዎች እየነደዱ፣ ፓርላማው ሁለተኛውን የ130 ቢሊዮን ዩሮ ስምምነት በ199 ድምፅ አጸደቀ። ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ751 ወደ 586 ዩሮ ወረደ፤ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑት ቅነሳው 32 በመቶ ነበር። ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ከ40 በላይ አባላት የፓርቲያቸውን ትእዛዝ አንቀበልም በማለታቸው ከፓርቲዎቻቸው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ።

አበዳሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ምርጫው መቅረቡን አውቀው፣ የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች ከምርጫው በኋላም ስምምነቱን እንደሚፈጽሙ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠየቁ። የኒው ዴሞክራሲው መሪ አንቶኒስ ሳማራስም ፓፓንድሬዩም ደብዳቤውን ፈርመው ላኩ። ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ለአበዳሪ ዋስትና መፈለግ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን የሰጡት አገሮችም የራሳቸው ግብር ከፋይ አላቸው። ነገር ግን ድምፁ ሳይሰጥ የድምፁን ውጤት በደብዳቤ ማስፈረም፣ መራጩ የሚመርጠው ሰው ብቻ እንጂ ውሳኔ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ሕዝቡም ይህን አልሳተውም። በሜይ 6 (በሚያዝያ 28ቱ ምርጫ) ሁለቱን የፈረሙ ፓርቲዎች እንዲያ የቀጣቸው፣ በየትኛው ላይ ሥልጣን እንደቀረለት ስለተረዳ ነው፤ ፖሊሲውን መለወጥ ባይችል፣ ፈራሚዎቹን መቅጣት ይችል ነበር።

የመቀመጫው አከፋፈል ግን ሌላ ታሪክ አለው። በግሪክ ሕግ በድምፅ አንደኛ ለወጣው ፓርቲ 50 ተጨማሪ ወንበር ይሰጠው ነበር፤ ዓላማው መንግሥት መመሥረት ቀላል እንዲሆን ነው። በሜይ ምርጫ ኒው ዴሞክራሲ 18.85 በመቶ አግኝቶ 108 ወንበር ያዘ፤ የአሌክሲስ ሲፕራስ የግራ ጥምረት ሲሪዛ 16.78 በመቶ አግኝቶ 52 ወንበር ያዘ። የድምፁ ልዩነት ሁለት በመቶ፣ የወንበሩ ልዩነት ከእጥፍ በላይ። ከዚህ ሌላ፣ ከ3 በመቶ በታች ያገኘ ፓርቲ ፓርላማ አይገባምና፣ 19 በመቶ የሚሆነው መራጭ ድምፁ ያለ አንድ ወንበር ቀረ። እንዲህም ሆኖ ኒው ዴሞክራሲና ፓሶክ ተደምረው 149 ወንበር ብቻ ነበራቸው፤ ለአብላጫ ከሚያስፈልገው 151 በሁለት አነሱ። በእኛ አገር በየወረዳው ብልጫ ያገኘው ብቻ የሚያልፍበት ሥርዓት ስላለ፣ የተሸናፊው ድምፅ መጥፋት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ውድድር ከተደረገባቸው ወንበሮች አብዛኛውን አንድ ፓርቲ እንደወሰደ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለ አቆጣጠሩ ሕግ የሚደረግ ክርክር የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መተዉ አግባብ አይመስለኝም፤ በክፉ ዘመን አገር ማን እንደሚመራት የሚወስነው ከሕዝቡ ስሜት እኩል ይኸው ሕግ ነውና።

ፕሬዚዳንት ካሮሎስ ፓፑሊያስ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለሦስቱ ቀዳሚ ፓርቲዎች መሪዎች በየተራ ሦስት ሦስት ቀን ሰጥተው መንግሥት እንዲመሠርቱ ጠየቁ፤ አልተሳካም። አዲሱ ፓርላማ ቃለ መሐላ ፈጽሞ በቀናት ውስጥ ተበተነ፤ አንድ ከፍተኛ ዳኛ፣ ፓናጊዮቲስ ፒክራሜኖስ፣ የሽግግር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ጁን 17 ቀን ሁለተኛው ምርጫ እስኪደረግ አገሪቱን ያዙ።

በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የነበሩት ስድስት ሳምንታት የፍርሃት ሳምንታት ነበሩ። ከባንኮች በየቀኑ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ይወጣ ነበር። ሲሪዛን ከመረጣችሁ ከዩሮ ትወጣላችሁ የሚለው ማስጠንቀቂያ ከውጭም ከውስጥም ይወርድ ነበር። አንድ የጀርመን የኢኮኖሚ ጋዜጣ በምርጫው ዋዜማ በግሪክኛ ርዕሰ አንቀጽ አሳትሞ፣ ሲፕራስን አትምረጡ ብሎ ግሪካውያንን እስከ መምከር ደረሰ። የሌላ አገር ጋዜጣ የሌላውን ሕዝብ ምርጫ በራሱ ቋንቋ ሊመራ ሲነሣ፣ ጸሐፊዎቹ ግሪካውያንን እንደ እኩያ መራጭ እንዳላዩአቸው ግልጽ ነው።

በዚያው ጊዜ ወርቃማው ንጋት የተባለው የናዚን አስተሳሰብ የሚከተል ፓርቲ ጉዳይም ዓለምን አነጋግሮ ነበር። በ2009 ከመቶ አንድ እንኳ ያልሞላ ድምፅ የነበረው ይህ ቡድን፣ ለግሪኮች ብቻ ነው እያለ ምግብ ያድል፣ በሌሊት ደግሞ ስደተኞችን ይደበድብ ነበር። በሜይ 6.97 በመቶ ድምፅና 21 ወንበር አገኘ። ጁን 7 ቀን ቃል አቀባዩ ኢሊያስ ካሲዲያሪስ በቀጥታ ስርጭት ላይ አንዷን የሲሪዛ ተወካይ በውኃ ረጭቶ የኮሚኒስት ፓርቲዋን የፓርላማ አባል ሊያና ካኔሊን በጥፊ መታ። ከአሥር ቀን በኋላ ፓርቲው ያገኘው 6.92 በመቶ ነበር። ይህ ለእኔ መራር እውነት ነው፤ መራጮቹ ያን ጥፊ አይተው አልሸሹም። «የተቸገረ ሕዝብ ለጮኸለት ይሰጣል» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ሊጠቅሱብኝ ይችላሉ፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ከመቶ 93ቱ፣ በዚያ ሁሉ ረኀብና ውርደት መካከል፣ ለዚያ ቡድን ድምፁን አልሰጠም። በ2013 የቡድኑ ደጋፊ ፓቭሎስ ፊሳስ የተባለውን ዘፋኝ ከገደለ በኋላ መሪዎቹ ለፍርድ ቀረቡ፤ በ2019 ፓርቲው ከፓርላማ ወጣ፤ በኦክቶበር 2020 ፍርድ ቤት የወንጀል ድርጅት ነው ብሎ ፈረደበት። ምርጫና ፍርድ ቤት ተጋግዘው ሥራቸውን ሠሩ።

በጁን 17 ኒው ዴሞክራሲ 29.66 በመቶ፣ ሲሪዛ 26.89 በመቶ አገኙ። ሃምሳውን ተጨማሪ ወንበር የወሰደው ኒው ዴሞክራሲ 129፣ ሲሪዛ 71 ወንበር ያዙ፤ ሳማራስም ከፓሶክና ዴሞክራቲክ ሌፍት ከሚባለው አነስተኛ ፓርቲ ጋር ተጣምረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ጡረታ የሚጠብቀው አረጋዊ አብዝቶ ለኒው ዴሞክራሲ፣ ሥራ ያጣው ወጣትና ከተሜ አብዝቶ ለሲሪዛ ነበር የሰጠው። ሁለቱም የየራሳቸውን ኑሮ አስልተው ነው፤ ቁጠባ ያለው ቁጠባውን ፈራ፣ የሚፈራው ነገር ያልቀረለት ለውጥ ፈለገ። ይህን ስካር ወይም እብደት ማለት ሕዝቡን መበደል ነው።

የውሳኔው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። የሥራ አጡ ቁጥር በ2013 ከ27 በመቶ አለፈ፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከ2008 ጀምሮ ሩብ ያህሉን አጣ። በክረምቱ በማሞቂያ ነዳጅ ላይ በተጣለው ግብር ምክንያት ሰው እንጨት እያነደደ የአቴንስና የተሰሎንቄ ሰማይ በጭስ ተሸፈነ። አይ ኤም ኤፍም በ2013 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ የወጪ ቅነሳው ኢኮኖሚውን ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳንሶ መገመቱንና በመጀመሪያው የግሪክ ፕሮግራም ላይ ጉልህ ጉድለቶች እንደነበሩ አመነ። አንድ ተቋም ስሕተቱን በጽሑፍ ማመኑ የሚከበር ነው። ግን ያ ሰነድ የታተመው ከምርጫው በኋላ ነው፤ በ2012 ያንኑ ግምት የተቃወሙት ፓርቲዎች የሂሳብ ዕውቀት የሌላቸው ተደርገው ነበር የሚታዩት።

በጃንዋሪ 2015 ተራው የሲሪዛ ሆነ፤ በ36.3 በመቶ ድምፅ 149 ወንበር ወሰደ። የወጪ ቅነሳውን አስቆማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ለወራት ከአበዳሪዎች ጋር ተከራከረ፤ በጁን መጨረሻ ባንኮች ተዘጉ፣ ከማሽን በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት ተከለከለ። ጁላይ 5 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 61 በመቶ የሚሆነው መራጭ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ «አይሆንም» አለ። በሳምንቱ ግን ሲፕራስ ከበፊቱ የማይሻል ስምምነት ተቀበሉ፤ በኦገስት እስከ 86 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ሦስተኛ ብድር ጸደቀ። በሴፕቴምበር እንደገና ምርጫ ሲደረግ ያው ሲሪዛ አሸነፈ፤ ድምፅ የሰጠው ሰው ግን 56.6 በመቶ ብቻ ነበር። በ2009 ከመቶ 71 የሚሆነው መራጭ ወጥቶ ነበር፤ በሜይ 2012 ከመቶ 65፣ በጁን 62.5። ግሪካዊ በተመዘገበበት የትውልድ አካባቢው ስለሚመርጥ፣ የጉዞ ገንዘብ ያጣም ነበረ። ትልቁ ምክንያት ግን ይህ አይመስለኝም። ፓሶክን መርጦ አይቶታል፣ ኒው ዴሞክራሲን መርጦ አይቶታል፣ ሲሪዛን መርጦ አይቶታል፤ «አይሆንም» ብሎም አይቶታል። የሚወሰነው ሌላ ቦታ እንደሆነ የተረዳ ሰው ቤቱ ቢቀር አይፈረድበትም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእኛ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዩሮ ቦንድ የተባለውን በዶላር የተበደረችበትን የውጭ ብድር ሰነድ ወለድ መክፈል አልቻለችም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ዕለት አይ ኤም ኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማሻሻያው አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ የተማሩ ሰዎች ይከራከራሉ፤ የውጭ ምንዛሪው ችግር እውነተኛ እንደነበርም አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ለምርጫ ከቀረቡልን እጩዎች ይህ ሊመጣ ይችላል ብሎ የነገረን አልነበረም። የመምህር ደመወዝ በወረቀት ላይ ሳይቀነስ በገበያ ተቀነሰ፤ ማዳበሪያ የሚገዛው የማቻከልና የደብረ ኤልያስ ገበሬ ጭማሪውን በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ሰማው። በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ግብር አዋጅ ሲጸድቅም፣ የተወከልንበት ሰው መጥቶ ያወያየበት ጉባኤ በሰፈሬ አልነበረም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት አስፈጻሚው የሚያደርጋቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እንግዲህ የምንመርጠው ሰው ስለ ብድር አስተያየት ሊኖረው ግድ ነው።

በእኛ አካባቢ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ምርጫን ከሰላም ለይቶ ማሰብን እንዳከበደው አልዘነጋም። መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ቤት ሲቆም ስለ ብድር ውል ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ድምፅ የመስጠት ዕድል በመጣ ጊዜ፣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ ጠይቀን የምንመለስ ከሆነ፣ ስለ ደመወዛችን፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋና ስለ ግብሩ የተወሰነውን ሳናውቅ ልንመርጥ ነው።

አይ ኤም ኤፍ ብድሩን ሲያጸድቅ፣ የገንዘብ ሚኒስቴርና ብሔራዊ ባንክ የላኩትን የቃል መግቢያ ደብዳቤና የፖሊሲ ሰነድ አብሮ ያትማል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንም ሰው ከድርጅቱ ድረ ገጽ ሊያወርደው ይችላል። ድጎማንና ግብርን የሚመለከቱትን ክፍሎች ወደ አማርኛ መተርጎም ጀምሬአለሁ። ሥራው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ የባንክና የበጀት ቃላቱም ጥንቃቄ ይሻሉ። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራም ሆነ በሌላ ቦታ ኢኮኖሚክስ ወይም ሂሳብ አያያዝ የምታስተምሩ፣ በሕግ ሙያ ያላችሁ፣ ጊዜ ያላችሁ ሁሉ ጻፉልኝ፤ ክፍሎቹን ተከፋፍለን እንሠራለን። ተርጉመን ስንጨርስ አትመን ለትምህርት ቤቶች፣ ለገበሬ ማኅበራትና ለሚወዳደሩት እጩዎች ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ፣ እኩል እናደርሳለን።